ማርሳዊው ዲላ ላይ ሲያርፍ

(ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው። ቡና የሚጠጣ ሁሉ ታግሶ ቢያነበው ግን አይከፋም።)

ማርቪን የሚባል የካርቱን ፍጡር አለ። አገሩ ማርስ ነው። የ«ሉኒ ቱንስ» ሠሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሳዩት በ1948 እ.ኤ.አ. ነበር። ልጆች እስከ ዛሬ ይስቁበታል። እኔ ግን ስለ አገራችን ዕቅድ አውጪዎች ባሰብኩ ቁጥር እሱ ትዝ ይለኛል።

ማርቪን ጨካኝ ፊት የለውም። አይጮህም፣ አይሳደብም፣ እንዲያውም ጨዋ ነው። የሚፈልገው ቬነስን በቴሌስኮፑ አጥርቶ ማየት ነው። መሬት መሀል ገብታ ጋረደችበት፤ ስለዚህ በፈንጂ ሊያነሳት ወሰነ። እዚያ ሰው እንደሚኖር፣ ልጅ እንደሚያድግ፣ ቡና እንደሚለቀም አልጠየቀም። ከእሱ መስኮት ሲታይ መሬት ማለት እይታ የምትከልል ድንጋይ ናት። በመጀመሪያው ፊልሙ ላይ ታዲያ ፈንጂው የፈነዳው መሬት ላይ ሳይሆን ራሱ ቆሞባት በነበረችው ጨረቃ ላይ ነው። ጨረቃዋ ተገምሳ ማጭድ መሰለች፤ ባለ ዕቅዱም ጠርዟ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የጌዴኦን የቅርብ ዘመን ታሪክ ለሚያውቅ ይህ ካርቱን አይደለም። ዲላ፣ ወናጎ፣ ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬ፣ ገደብ፦ እነዚህ ቦታዎች በተደጋጋሚ የሩቅ ዕቅድ ማረፊያ ሆነዋል። ዕቅዱ አብዛኛውን ጊዜ በጎ ሐሳብ ያዘለ ነው፤ ባለሙያ ያወጣዋል፣ ሕግ ያጸድቀዋል፣ በወርክሾፕ ይጨበጨብለታል። ሲፈነዳ ግን ፍንዳታው አርሶ አደሩ ላይ ነው። ባለ ዕቅዱ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ እንኳን አይቀርም፤ ወደ ሌላ ዕቅድ ይዛወራል።

ዛሬ በአንዱ ላይ፣ በቡናው ላይ፣ ላተኩር። የዚያ ታሪክ ትምህርት ሳይወሰድ ተመሳሳዩ እንደገና እየመጣ ስለሆነ ነው።

መሬቱ ከመሬት ሲታይ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዲላ የደረሰ ሰው፣ ከዚያ ወደ ይርጋጨፌ ሲወጣ ግራና ቀኙን ቢያይ እርሻ የት እንዳለ ይጠፋዋል። የሚያየው ደን ነው። ያ ደን ግን እርሻ ነው። ከላይ ረጃጅም አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ መሀል ቡና፣ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመኑና ቦዬው። አንዱ ሌላውን ያጠልላል፣ አፈሩን ይይዛል፣ ቅጠሉን አርግፎ ያዳብራል። በአገሪቱ የሕዝብ ጥግግት እጅግ ከፍ ካለባቸው ገጠሮች አንዱ እዚህ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ ከአንድ ሄክታር በታች በሆነ መሬት ይኖራል። መሬቱ ገደላማ ነው፤ ያም ሆኖ ለብዙ ትውልድ አልታጠበም። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. «የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር» ብሎ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንን ነው።

ከዚህ መሬት የሚወጣው ቡና አንድ ዓይነት አይደለም። የኮንጋው ከኢዲዶው፣ የአሪቻው ከወርቃው፣ የሀፉርሳው ከባንኮ ጎቲቲው ይለያል። ከፍታው፣ አፈሩ፣ ጥላው፣ የለቀማው ጥንቃቄ፣ የአጠባው ውሃ ሁሉ ቅምሻው ላይ ይታያል። ይህን የሚያውቀው አርሶ አደሩ ብቻ አይደለም። ቶኪዮ፣ ኦስሎና ፖርትላንድ ያሉ ቡና ቆዪዎች በከረጢታቸው ላይ የእነዚህን ቀበሌዎች ስም ጽፈው ይሸጣሉ። አንድ የአዲስ አበባ ልጅ በካርታ የማያገኘውን ቀበሌ፣ ጃፓን አገር ያለ የካፌ ደንበኛ በስሙ ጠርቶ ያዝዛል።

የጌዴኦ ሀብት ስም ነው። «ቡና አለኝ» የሚል አገር ብዙ ነው፤ ብራዚልም ቬትናምም ከእኛ የበለጠ ያመርታሉ። «የኮንጋ ቡና አለኝ» የሚለው ግን አንድ ነው።

ስሙን አስከበርን

መንግሥት ይህን ያውቅ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጎ ለማስመዝገብ ያመለከተው የራሳችን የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ነው። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ። ስታርባክስም መጀመሪያ ላይ የፈቃድ ስምምነቱን ለመፈረም አልወደደም፤ በምትኩ የመልክዓ ምድር ማረጋገጫ የሚባለው መንገድ ይሻላል አለ። ኦክስፋም ዘመቻ ከፈተ፣ የዓለም ጋዜጦች ተቀባበሉት፣ በመጨረሻም በሰኔ 1999 ዓ.ም. ስታርባክስ ፈረመ።

ያ ትልቅ ድል ነበር፤ ማንም አያሳንሰው። ድሃ አገር ከትልቅ ኩባንያ ጋር ተከራክራ «ስሙ የእኔ ነው፣ ዋጋ አለው» ብላ አሳመነች። የክርክሩ ዋና ነጥብ ይህ ነበር፦ የይርጋጨፌ ቡና ከየትም የመጣ ቡና አይደለም፤ ስለዚህ እንደ ማንኛውም ቡና ሊሸጥ አይገባም።

ከዚያስ? ከዚያማ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ የራሳችን መንግሥት የይርጋጨፌን ቡና እንደ ማንኛውም ቡና እንዲሸጥ በአዋጅ አስገደደ።

ለስንዴ የተሰፋ ልብስ

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ታሪኩ የእህል ታሪክ ነበር። መሥራቿና የመጀመሪያዋ ሥራ አስፈጻሚ ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን በዓለም መድረክ ላይ ደጋግመው ያስረዱት፣ አንዱ አካባቢ እህል ተርፎት ሌላው የሚራብበት አገር ገበያው የተቆራረጠ ስለሆነ ነው የሚል ነው። ምርመራው ትክክል ነበር። ገበሬው ዋጋ አያውቅም፣ ነጋዴው ነጋዴውን አያምንም፣ ጥራት የሚመሰክር ሦስተኛ ወገን የለም። መጋዘን ይኑር፣ ደረጃ ይውጣ፣ ዋጋ በአደባባይ ይነገር። ለበቆሎና ለስንዴ ይህ ምን ይወጣለታል?

እህሉ ግን በሚጠበቀው መጠን አልመጣም። የእህል ነጋዴው በለመደው መንገድ መነገዱን ቀጠለ። ትልቅ ገንዘብ የወጣበት ተቋም ደግሞ ያለ ምርት ሊቆም አይችልም። ምን ይደረግ? የግድ በአንድ በር የሚያልፍ፣ ዶላር የሚያመጣ፣ በሕግ ሊታዘዝ የሚችል ምርት ተፈለገ። ቡና ተገኘ። በነሐሴ 2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 602/2000 ቡናን በምርት ገበያው በኩል እንዲያልፍ አስገደደ፤ በ2001 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የቡና ጨረታው ወደዚያው ዞረ። የአርሶ አደር ኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና የራሳቸውን ምርት የሚልኩ ትልልቅ እርሻዎች በቀጥታ መላክ ይችሉ ነበር። የቀረው ሁሉ፣ ማለትም አብዛኛው የግል ቡና፣ በሜክሲኮው አዳራሽ ማለፍ ነበረበት።

በእህል ልክ የተሰፋ ልብስ በቡና ላይ ተጠለቀ። በበሬ ፈንታ የታረሰበት ፈረስ ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ የኮንጋ አርሶ አደር እንበል፤ ቀይ እሸት ብቻ መርጠው ለቅመው፣ በዚያው ቀን ለማጠቢያ ጣቢያው አስረከቡ። የጣቢያው ባለቤትም ተጨንቆ አጠበ፣ በአልጋ ላይ አደረቀ፣ ማታ ማታ ሸፈነ። ከዚያ ቡናው በመኪና ተጭኖ ዲላ ወደሚገኘው የምርት ገበያ መጋዘን ይሄዳል። ናሙና ይወጣል፤ ናሙናው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀማሹ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ይቀምሳል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው፤ አድልዎ እንዳይኖር ነው። ከዚህ በኋላ ግን ቡናው «የታጠበ ይርጋጨፌ ኤ፣ ደረጃ ይህን ያህል» ተብሎ ከመሰሎቹ ጋር ይከመራል። በዚያ መደብ ውስጥ የይርጋጨፌ፣ የወናጎና የኮቸሬ ብቻ ሳይሆን ከዞኑ ውጪ ያለው የገላና አባያ ቡናም ነበረበት። አዲስ አበባ ላይ ደላሎች እጅ ለእጅ እየተማቱ ይሸጡታል። የገዛው ላኪ የገዛው ኮዱን ነው። ከየትኛው ጣቢያ፣ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ አያውቅም፤ ቢጠይቅም የሚነግረው የለም።

የኮንጋው ሰውዬ ጥንቃቄ የት ገባ? ክምሩ ውስጥ። የጎረቤታቸው ግዴለሽነትስ? እዚያው ክምር ውስጥ። ሁለቱ በአንድ ዋጋ ወጡ። በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይጨነቃሉ?

ፍንዳታው

የውጭ ገዢው ግራ ተጋባ። ለዓመታት ከአንድ የማጠቢያ ጣቢያ ሲገዛ የኖረ ቡና ቆዪ፣ ያንኑ ቡና ሊያገኝ የሚችልበት መንገድ ተዘጋ። ዓለም በሙሉ «ቡናዬ ከማን እጅ እንደመጣ አሳየኝ» ወደሚል ገበያ እየሄደ ሳለ፣ የቡና መገኛ የምትባለው አገር «ኮዱን ያዝ፣ ሌላ አትጠይቅ» አለች። ገዢው ወደ ዩኒየኖቹ ተሸጋሸገ። የይርጋጨፌ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን በዚያ ዘመን ስሙ የገነነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ስም ይዞ መሸጥ የሚችል በር እሱ ጋ ቀርቶ ነበር። የዩኒየን አባል ያልሆነው፣ ወይም አባል ሆኖም በጥሬ ገንዘብ እጥረት ለግል ጣቢያ የሚሸጠው አርሶ አደር ግን ስሙ ከኪሱ ወጣ።

ሌላም ነገር አለ። በዚያው በ2000 ዓ.ም. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ የፀረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት አግኝታ ገበያዋን ዘግታብን ነበር። ጥርጣሬው ያረፈው በተበከለ ጆንያ ላይ ነው። የዚያ አደጋ ትምህርት አንድ ነበር፦ ችግር ሲመጣ «ይህኛው ጭነት ነው፣ ከዚህ ቦታ ነው» ብሎ ለይቶ ማሳየት መቻል። እኛ በዚያው ዓመት ለይቶ ማሳየት የማይቻልበትን ሥርዓት አጸደቅን። ቤቱ እየተቃጠለ የውሃ ቧንቧውን እንደ መንቀል ነው።

በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ዋጋ ወድቆ፣ ላኪው ቡናውን ይዞ ሲጠብቅ፣ መንግሥት «አከማችታችኋል» አለ። የስድስት ትልልቅ ላኪዎች ፈቃድ ታገደ፤ በመጋዘናቸው የነበረው ቡና ተወስዶ በመንግሥት ድርጅት በኩል እንዲሸጥ ተደረገ። ነጋዴ ሁሉ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ተመልከቱ፦ ዕቅዱ እንደታሰበው ሳይሆን ሲቀር የተፈተሸው የሰዎቹ ጠባይ እንጂ ዕቅዱ አልነበረም። ማርቪንም ፈንጂው ሲጠፋበት የሚያሳድደው ጥንቸሉን ነው።

«ምርት ገበያው እኮ ጥቅም ነበረው»

ነበረው። ይህን ያልተናገረ ጸሐፊ አትመኑት። ከዚያ በፊት አቅራቢው ቡናውን አዲስ አበባ አምጥቶ ጨረታ ላይ ሸጦ፣ ገንዘቡን ለመቀበል ሳምንታት የሚለምንበት፣ አንዳንዴም የሚከዳበት ዘመን ነበር። ምርት ገበያው ሽያጭ በተፈጸመ ማግስት ክፍያ በባንክ እንዲገባ አደረገ። በየከተማው የዋጋ ሰሌዳ ቆመ፤ 929 ደውሎ የዕለቱን ዋጋ መስማት ተቻለ። ደላላው «ዛሬ ወርዷል» ብሎ የሚዋሽበት አፍ ተዘጋ። እነዚህ ተራ ነገሮች አይደሉም።

ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፦ ለፈጣን ክፍያና ለግልጽ ዋጋ ሲባል ስም ማጥፋት ለምን አስፈለገ? የመኪናውን ጭነት ሳያደባልቁ፣ የጣቢያውን ስም ሳይፍቁ፣ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ባንክ መሸጥ አይቻልም ነበር? ይቻል ነበር። ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ በ2009 ዓ.ም. የተደረገው ይኸው ነውና። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 ወጥቶ የቀደመውን ሲሽር ቡና ከነአቅራቢው ስም፣ ከነመኪናው መሸጥ ተጀመረ። በኋላም አቅራቢና ላኪ በቀጥታ ትስስር የሚገበያዩበት መንገድ ተከፈተ። ዛሬ ብዙው የወጪ ንግድ ቡና በዚያ መንገድ ይሄዳል። ሰማይ አልወደቀም። አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ያገኘችው ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። በእርግጥ የዓለም ዋጋ መናር ትልቁን ድርሻ ይወስዳል፤ ግን «ስም ከተፈቀደ ገበያው ይፈርሳል» ያሉት ሰዎች ስህተት መሆናቸው ታይቷል።

ስለዚህ ከ2001 እስከ 2009 ያሉት ዓመታት ምን ነበሩ? የዓለም የልዩ ቡና ገበያ በፍጥነት ያደገባቸው ዓመታት ናቸው። ኮሎምቢያና ጓቲማላ የአርሶ አደሮቻቸውን ስም በየከረጢቱ ላይ ሲያስጽፉ፣ ኬንያ በጣቢያ ስም ስትጫረት፣ እኛ ክምር ላይ ቆመን ነበር። ለዚያ የጠፋ ጊዜ የተጠየቀ ሰው አለ? አንድ የምክር ቤት ኮሚቴ ተቀምጦ «ይህ ዕቅድ የኮንጋን፣ የአዳዶን፣ የጨለለቅቱን ሰው ምን ያህል አስከፈለው?» ብሎ ሪፖርት አቀረበ? እኔ የማየው ሕጉ በሌላ ሕግ ሲተካ ነው። ይቅርታ የሚባል አንቀጽ የለውም።

ማሻሻያው ራሱስ? አርሶ አደሩ በቀጥታ መላክ ይችላል ተባለ፤ ሁለት ሄክታርና ከዚያ በላይ የቡና መሬት ያለው ከሆነ። እስቲ ይህን መስፈርት ይዛችሁ ወናጎ ውረዱ። ግማሽ ሄክታር ላይ ስምንት ነፍስ የሚያስተዳድር ሰው ፊት ቆማችሁ «ሁለት ሄክታር ካለዎት አሜሪካ መላክ ይችላሉ» በሏቸው። ይስቃሉ፤ ጨዋ ስለሆኑ ቡና ያፈሉላችኋል። መስፈርቱን የጻፈው ሰው ጌዴኦን አልጠላም። ጌዴኦ በመስኮቱ አልታየውም እንጂ።

ሰውም በዕቅድ ሲጫን

የሩቅ ዕቅድ በቡና ብቻ አያበቃም። በሚያዝያና በሰኔ 2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ በተነሳው ግጭት ከሁለቱም ወገን ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ፤ ብዙው ጌዴኦ ዞን ውስጥ ተጠለለ። ሰው ገና ሬሳውን ሳይቀብር፣ ቤቱ መቃጠሉን ሳያጣራ፣ የመመለሻ ቀን ወጣለት። በዚያው ክረምት የተመለሰው ብዙው ሥጋት ሲበዛበት ተመልሶ መጣ። በ2011 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ጎቲቲ ላይ የተራቡ ሕፃናት ምስል ሲወጣ አገር ደነገጠ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሁለተኛ የመመለስ ዘመቻ መጣ፤ መጠለያ ፈረሰ፣ የእርዳታ ድርጅቶችም «በፈቃደኝነት አይደለም» ብለው ጮኹ።

አስተውላችሁ ከሆነ ቀደም ሲል ባንኮ ጎቲቲ የሚል ስም ጠቅሻለሁ። በውጭ አገር ካፌ ውስጥ በውድ የሚሸጠው ቡና ስምና፣ በዚያ ዓመት የረሃብ ዜና የተሰማበት ስም አንድ አካባቢ ነው። የቡናውን ጣዕም በነጥብ የምንለካ ሰዎች፣ ሰውዬው ተመልሶ ሊኖርበት ይችል እንደሆነ ለመለካት ቀን አጠረን።

አሁን ደግሞ ከእውነተኛው ጠፈር

እስካሁን «ከጠፈር» ስል ለምሳሌ ነበር። የሚቀጥለው ግን ምሳሌ አይደለም።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. የደን ጭፍጨፋን የሚመለከት ደንብ አጽድቋል። ወደ አውሮፓ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደን ተመንጥሮ ካልሆነ መሬት መምጣቱ መረጋገጥ አለበት። ለማረጋገጥ የእያንዳንዱ ማሳ የጂፒኤስ ነጥብ ይፈለጋል፤ ከአራት ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ሁሉ ይለካል። ተግባራዊ የሚሆንበት ጊዜ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፤ ግን አልተሰረዘም። ጀርመን ከትልልቅ ገዢዎቻችን አንዷ ናት። ስለዚህ «አይመለከተንም» ማለት አይቻልም።

ዓላማው ጥሩ ነው? ነው። ምርት ገበያውም ዓላማው ጥሩ ነበር።

ችግሩን እዩት። ሳተላይት ከላይ ሆኖ ወናጎን ሲያይ ምን ያያል? የዛፍ ጫፍ። ከዛፉ ሥር ያለውን እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ያለውን ቡና አያይም። ደንቡ ራሱ በወረቀት ላይ ለእርሻ የሚውልን ባለ ዛፍ መሬት ደን ብሎ አይቆጥርም። ማሽን የሚያነበው ካርታ ግን ወረቀቱን አላነበበም። አያት ቅድመ አያት ያረሱበት ማሳ በካርታው ላይ «ደን» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ አርሶ አደሩ ያረጀ ቡናቸውን ጎነደሉ፣ ወይም ለልጅ ቤት መሥሪያ አንድ ዛፍ ጣሉ እንበል። ከላይ ሲታይ «ደን ተመነጠረ» ነው። በአንጻሩ ዛፉን ሁሉ ከብዙ ዓመት በፊት ጨርሶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በማዳበሪያ ቡና የሚያመርት የሌላ አገር ትልቅ እርሻ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል፤ ምክንያቱም ከ2020 በኋላ የሚቆርጠው ዛፍ አልቀረውም።

ዛፍ ያቆየው ተጠርጣሪ፣ ዛፍ የጨረሰው ነጻ። ዩኔስኮ «የዓለም ቅርስ» ያለው እርሻ በሌላው የዓለም ቢሮ ስክሪን ላይ ቀይ ምልክት ሊበራበት ይችላል። ማርቪን በጸጥታ ሌላ ፈንጂ እያዘጋጀ ነው፤ ይህኛው በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው።

የእኔ ቁጣ ግን በዋናነት ብራስልስ ላይ አይደለም። ብራስልስ ሩቅ ናት፤ ጌዴኦን ባታውቅ አይፈረድባትም። ቁጣዬ እዚሁ ላለነው ነው። የማሳ ልኬታ በየቦታው ተጀምሯል። ልኬታውን የሚያካሂደው፣ መረጃውን የሚይዘው ማን ነው? አንድ ላኪ በራሱ ወጪ የለካው ማሳ ነጥብ የላኪው ንብረት ከሆነ፣ አርሶ አደሩ በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ዋጋ ለሰጠ ለሌላ መሸጥ ይችላሉ ወይስ ነጥባቸው እንደ እግር ብረት ያስራቸዋል? ትናንት ስማቸውን በክምር አጠፋንባቸው፤ ዛሬ ደግሞ ስማቸውን ከነመሬታቸው በሌላ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ልንቆልፍባቸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

«ተቺ ብቻ ናችሁ» እንዳትሉኝ አራት ነገር ልበል።

አንደኛ፣ የማሳ መረጃ ባለቤት አርሶ አደሩ ይሁኑ። ነጥቡ በመሠረታዊ ማኅበራቸው ወይም በራሳቸው እጅ ይቀመጥ፤ ለፈለጉት ገዢ ይዘውት ይሂዱ። ይህ በመመሪያ በግልጽ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ መንግሥት የጌዴኦን ጥምር የደን እርሻ በተመለከተ ከኅብረቱ ጋር አስቀድሞ ይደራደር። በእጃችን የዩኔስኮ ምዝገባ አለ፤ ዲላ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ደጃፍ ላይ አለ። ለስታርባክስ ያላጣነውን አንደበት ለብራስልስ አንጣ። በ1999 ዓ.ም. ያሸነፍነው ማስረጃ ይዘን ስለተከራከርን እንጂ ስለለመንን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ማንኛውም አዲስ የቡና ሥርዓት አገር አቀፍ ከመሆኑ በፊት በአንድ ወረዳ፣ አንድ የለቀማ ወቅት ይሞከር። ውጤቱ፣ በተለይ የከሸፈው ክፍል፣ ለሕዝብ ይታተም። ምርት ገበያው አንድ ዓመት ዲላ መጋዘን ላይ ብቻ ተሞክሮ ቢሆን ኖሮ የስም መጥፋት ችግር በመጀመሪያው ጥር ይታወቅ ነበር።

አራተኛ፣ ዕቅዱ ከመፈረሙ በፊት ሶንጎ ይቀመጥ። ጌዴኦ ነገሩን በሽማግሌ፣ በአደባባይ፣ ሁሉም ተናግሮ የሚጨርስበት የራሱ ሥርዓት አለው። እኛ ግን ሕዝብን የምንሰበስበው ዕቅዱ ካለቀ በኋላ ነው፤ ስሙም «የግንዛቤ ማስጨበጫ» ነው። ግንዛቤ የጎደለው ሰው መድረኩ ላይ ተቀምጦ ግንዛቤ ያለውን ሰው ያስጨብጣል። ተራው ይገልበጥ፦ መጀመሪያ አርሶ አደሩ ለባለሥልጣኑ ግንዛቤ ያስጨብጡ።

«ታዲያ ለውጥ አትፈልግም?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እፈልጋለሁ። የክፍያ ፍጥነት፣ ግልጽ ዋጋ፣ ጂፒኤስ፣ ሳተላይት፣ ሁሉም ይምጣ። ቴሌስኮፕ መጥፎ ዕቃ አይደለም። መጥፎው በቴሌስኮፕ ያልታየን ነገር የለም ብሎ መደምደም ነው።

አባቶች «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የጌዴኦ አጥር በባላባት ዘመን በእርቦና በጭሰኝነት ተነቅንቋል፣ በደርግ ዘመን በኮታና በመንግሥት በተቆረጠ ዋጋ ተነቅንቋል፣ ከዚያም በክምር ተነቅንቋል። ዛፉ ግን ዛሬም ቆሟል፣ እንሰቱም አለ፣ ቡናውም ያብባል። ይህ የማንም ዕቅድ ውጤት አይደለም፤ ዕቅዶቹን ሁሉ ችለው የኖሩ ሰዎች ሥራ ነው። ቀጣዩን ፈንጂ ይዞ ለሚመጣው አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ከማረፍህ በፊት ውረድና የባለቤቱን ስም ጠይቅ።

የምትለቅሙ፣ የምታጥቡ፣ የምትልኩ፣ ማሳችሁ የተለካባችሁ ሁሉ፦ ምን ተብሎ እንደተለካና መረጃው ማን ጋ እንዳለ ጻፉልኝ። ስማችሁን ሳላወጣ የሚቀጥለውን ጽሑፍ በእናንተ ቃል እሠራዋለሁ።

ቸር ይግጠመን።